ቁልፉ ለምን አስፈለገ?

ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አዳማ

ይህን ደብተር የሰጠኝ ባሌ ሰዓድ ነው። ለመኪና መለዋወጫ ሱቁ ዕቃ የሚያስረክቡት ሰዎች በስጦታ ያመጡለት ነው፤ በየገጹ ግርጌ የፍሬን ሸራ ሥዕል አለበት። "እኔን የምትቆጪውን እዚህ ላይ ተቆጪ" ብሎ ሰጠኝ። ባል ማለት ይሄ ነው።

ዛሬ አቶ ጫምሳ ቢሯቸው ጠሩኝ። የጤና ባለሙያዎችን ሥልጠና የሚያስተባብሩት እሳቸው ናቸው። ከሆስፒታሉ የማደንዘዣ ክፍል ለሦስት ወር በከፊል ተለቅቄ፣ በአዳማ ዙሪያና በሁሩታ መንገድ ያሉ አምስት ጤና ጣቢያዎችን ነርሶች ላሠለጥን ነው። ትምህርቱ ቀላል ነው፤ ለአፍ ቀላል ነው። ራሱን የሳተ ሰው ምላሱ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ጉሮሮውን ሲዘጋው አገጩን ቀና አድርጎ የአየሩን መንገድ መክፈት፣ ትውከቱን መጥረግ፣ ትንፋሹ ከቆመ በአምቡ ባግ አየር መስጠት። ሰዓድ አምቡ ባግ ምንድን ነው ቢለኝ "ጭምብል ያላት ኳስ ናት፣ ፊቱ ላይ ደፍተህ ስትጨምቃት አየር ታስገባለች" አልኩት። "የጎማ መንፊያ በይኛ" አለኝ።

"ይህን ዙር ያለ እንከን ከጨረስሽ የአዲሱ ማሠልጠኛ ክፍል ኃላፊ አንቺ ነሽ" አሉኝ አቶ ጫምሳ። አሥራ አራት ዓመት የጠበቅኩት ወንበር ነው። ደስ ብሎኛል። እዚህ ላይ ማን ያየኛል።

ጥር 15

ደሜ ፈልቶ ነው የምጽፈው። ባለፈው ሳምንት ያሠለጠንኳትን የመጀመሪያዋን ጣቢያ ለማየት ሄድኩ። ስሟን አልጽፍም፣ የሰው ስም ማጥፋት ይሆንብኛል። ሦስት አምቡ ባግ ሰጥተናቸው ነበር። ሁለቱ የሉም። "እዚህ ነበር"፣ "እንትና ወስዶት ይሆናል"፣ "ኧረ ትናንት አይቼዋለሁ።" ሦስተኛውን ያገኘሁት ዘበኛው ጎጆ ውስጥ ነው። ጭምብሉን አውልቆ ከሰል ያናፋበታል። "በጣም ጥሩ ዕቃ ነው፣ እጅ አያደክምም" አለኝ ሰውየው፣ ያመሰገነኝ መስሎት። የአምቡ ባጉ አፍ በሙቀት ቀልጧል።

ለአቶ ጫምሳ ስነግራቸው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው "ሁለቱ በማን ስም ነበር የወጡት?" አሉ። በማንም ስም አልነበረም። "እንግዲህ ይኸዋ፤ የማንም ያልሆነ ዕቃ ይጠፋል። ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው ያንቺ ስም ነው።"

ሰዓድ ደግሞ "የቤቷን ስኳር ቡፌ ውስጥ ቆልፋ የምትኖር ሴት እንዴት ተሸወደች?" ይለኛል። እየቀለደ ነው። ግን እውነቱን ነው። ሁለተኛ አይለምደኝም።

ጥር 23፣ ቡርቃ ጮሬ

የሁለተኛዋ ጣቢያ ሥልጠና የመጨረሻ ቀን። ከሁሩታ መንገድ ታጥፎ ሃያ ደቂቃ ኮረኮንች ነው፤ ነፋሱ የስንዴ ገለባውን እያመጣ መስኮቱ ላይ ይለጥፈዋል። ሰባት ሠልጣኞች አሉኝ። ራስና ደረት ብቻ ያለውን የመለማመጃ አሻንጉሊት "ጋሽ ላስቲክ" ብለው ስም አወጡለት። እሱ ላይ እየተፈራረቁ ሲያቃኑት፣ ሲነፉት ዋሉ። "ዓይናችሁ ደረቱ ላይ፣ ጆሯችሁ አፉ ላይ፣ ትንፋሽ አለ ወይ ብላችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ከአሥር በላይ የሚቆጥር ሰው ተስፋ እያደረገ ነው እንጂ እየሠራ አይደለም" አልኳቸው። ጻፉት።

ሲስተር ዘርፉ የምትባል አለች፣ የድንገተኛው ክፍል ኃላፊ። እጇ ወርቅ ነው። ጭምብሉን ስትይዘው አየር አያመልጥም። ከኮሌጅ ገና የወጣው ሙስዓብ ግን ጭምብሉ ይንሸራተትበታል፣ ላቡ ጋሽ ላስቲክ ላይ ይንጠባጠባል። እሷ ከኋላው ቆማ እጁን በእጇ ይዛ አስተማረችው። እኔ ካስተማርኩት ይልቅ ከእሷ ገባው።

ዕቃ ርክክብ ላይ ያለፈውን አልደገምኩም። አንድ የአዋቂ፣ አንድ የሕፃን አምቡ ባግ፣ አንድ የትውከት መጥመጫ፣ ሁሉም በዘርፉ ስም። "ብረት ሎከሩ ውስጥ ይቆለፋል። ቁልፉ አንቺ ጋ ይሆናል። ለማንም አይሰጥም" አልኳት።

"መምህርት፣ ከአልጋው ራስጌ ምስማር መትተን ብንሰቅለውስ?" አለች። "ድንገተኛ ሲመጣ ቁልፍ ፍለጋ እንዳንሯሯጥ ብዬ ነው።"

"ምስማር ላይ የተሰቀለ ዕቃ እግር አለው። ከጠፋ አንቺን ነው የማውቀው።"

ሙስዓብ "ቢያንስ ሁለተኛ ቁልፍ ይቀረጽ" አለ። ሁለት ቁልፍ ማለት የተከፈተ በር ማለት ነው አልኩት። ሁሉም ሳቁ። ጥሩ አባባል ወጣችኝ። ዘርፉ እስክሪብቶዬን ተቀብላ ፈረመች። ሥራ ማለት እንዲህ ነው። ዛሬ እንቅልፌን እተኛለሁ።

የካቲት 5

ሦስተኛው ጣቢያ አለቀ። ጉንፋን። አቶ ጫምሳ የቁልፉን አሠራር ወደውታል፤ "ለሌሎቹም እንደዚሁ ንገሪያቸው" አሉኝ። ነገርኳቸው።

የካቲት 19

ዘርፉ በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። ሎከሩ እንደተቆለፈ፤ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አስራዋለች። "መምህርት፣ ዕቃው በሰላም አለ። ስታጠብም አላወልቀውም" ብላ ጽፋለች። "ጎበዝ" ብዬ መለስኩላት። ፎቶውን ለአቶ ጫምሳ አሳየሁ።

የነዘርፉ ሁዳዴ ገብቷል፣ የኛ ረመዳን ቅዳሜ ነው። ሙቀቱ ከአሁኑ አናት ይበሳል።

የካቲት 27

ሙስዓብ ደወለ። አሥር ሰዓት ገደማ። እያለቀሰ ስለሆነ መጀመሪያ አልሰማሁትም።

የስድስት ዓመት ልጅ። ሎከሩ ተቆልፎ።

የመግሪብ አዛን አለ። ተምሩን ሳልበላ መልሼ አስቀመጥኩት። ነገ እጽፋለሁ።

የካቲት 28

እንደነገረኝ ልጻፈው።

ትናንት የአንዱ ባልደረባቸው አባት ቀብር ነበር። ጣቢያው እንዳለ ተነሥቶ ሄደ፤ ከቀብር ቀርቼ ሥራ ላይ ዋልኩ ማለት አገሩ ላይ ከመኖር አይቆጠርም። ሙስዓብ ተረኛ ስለሆነ ብቻውን ቀረ፣ ከዘበኛው ከጀቤሳ ጋር። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ የአይሱዙ ሹፌር ልጁን ታቅፎ ገባ። ሀሰን ይባላል። ልጅቷ ዋፊቃ። ትኩሳት አንቀጥቅጧት ዓይኗ ተገልብጧል። ሙስዓብ እንደተማረው ዳያዜፓም ሰጣት። መንቀጥቀጡ ቆመ። ከዚያ ትንፋሿም ቆመ።

ይሄ የሚሆን ነገር ነው። መድኃኒቱ አንዳንዴ ያደርገዋል። ለዚህ ነው "ዳያዜፓም ከመስጠታችሁ በፊት አምቡ ባጉ አጠገባችሁ ይሁን" የምላቸው። ለጥቂት ደቂቃ አየር ከሰጠሃት ራሷ ትመለሳለች። ብዙዎቹ ይመለሳሉ።

አገጯን ቀና አደረገ። ትውከቷ አፏን ሞላው። በጣቱና በፋሻ ጠረገ፤ መጥመጫው ሎከር ውስጥ ነው። በአፉ ነፋባት። ደረቷ መጀመሪያ ተነሣ፣ በኋላ እምቢ አለ። ጀቤሳ ዘርፉ ጋ ደወለ፤ ቀብር ላይ ስልኳን ዘግታለች። ሮጦ ዲጅኖ አመጣ። ብረቱ ጥሩ ብረት ነው፤ ሲከፈት ሩብ ሰዓት አልፏል። አምቡ ባጉ ከነላስቲኩ ነበር፣ አልተነካም።

ኢና ሊላሂ።

ዘርፉን ምን ነካት? ቁልፉን ለሙስዓብ ትታለት ብትሄድ ምን ነበረበት? ለሁለት ሰዓት። ማንም አእምሮ ያለው ሰው ይሄን ያደርጋል።

መጋቢት 3

ከሆስፒታል ስመለስ ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች፦

"ዕቃውን ቆልፈውበት ነው አሉ ልጅቷ የሞተችው።"

"የራሳቸው ልጅ ብትሆን ሰብረው ያወጡት ነበር።"

"ሰብረውማ አውጥተውታል። ከሞተች በኋላ።"

ቤቴ ሳልደርስ ወረድኩ፤ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። አቧራው ፊቴን መታኝ።

አቶ ጫምሳ ጋ ገብቼ ነበር። "አንቺን የሚነካ ነገር የለም፣ ተረጋጊ" አሉኝ። "ፊርማው የማን ነው?" የሲስተር ዘርፉ። "በጽሑፍ ያዘዝሽው አለ?" የለም። "አለቀ።" ይህን ሲሉ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

እኔ "በጥንቃቄ ያዢው" ነው ያልኳት። እርግጥ ጠበቅ አድርጌ ተናግሬ ይሆናል። "ቆልፊው" ማለቴን ግን አላስታውስም። ሰው ሲፈራ የሰማውን ያከብደዋል።

መጋቢት 7

ዘርፉ ሦስት ጊዜ ደወለች። አላነሣሁም። ምን እላታለሁ? ነገሩ ተይዟል፤ ምስክር ከተከሳሽ ጋር አያወራም።

አራተኛውን ጣቢያ እያሠለጠንኩ ነው። ዛሬ አንዱ ሠልጣኝ "ዕቃውን የት እናስቀምጠው?" ብሎ ሲጠይቅ ሌሎቹ ከደብተራቸው ቀና ብለው አዩኝ። ሁሉም ሰምተዋል። "የጣቢያው ኃላፊ ይወስን" አልኩ። ፈሪ። አሥራ አራት ዓመት ስንት ሰው ያስተነፈሰች ሴት፣ አንድ ምስማር ላይ ስቀሉት ማለት አቃታት።

የረመዳኑን የማታ ሶላት፣ ተራዊሕን፣ መስጂድ ሄጄ መስገድ አቁሜያለሁ። ለሰዓድ ወገቤን አመመኝ አልኩት።

መጋቢት 11

አጣሪው ኮሚቴ ዛሬ ተሰበሰበ። ረዥም ጠረጴዛ፣ ማንም የማይጠጣው ውሃ። እኔ እንደ ባለሙያ ነው የተጠራሁት፤ መድኃኒቱ ልኩ ነበር ወይ፣ ሙስዓብ ማድረግ ያለበትን አድርጓል ወይ። አድርጓል አልኩ። ስለ እሱ ደረቴን ነፍቼ ተናገርኩ። ለእሱ መናገር ቀላል ነበር።

ዘርፉ ከስታለች። ቁልፉ አንገቷ ላይ የለም፣ ማተቡ ብቻ ቀርቷል። ሰብሳቢው "ቁልፉን ይዘሽ እንድትሄጂ ማን አዘዘሽ?" አላት።

ቀና ብላ አየችኝ። ትንሽ ነው ያየችኝ። ከዚያ ጠረጴዛውን እያየች "ፈርሜ የተቀበልኩት እኔ ነኝ" አለች።

"የጠየቅኩሽ ማን አዘዘሽ ነው።"

"እኔ ነኝ የፈረምኩት።"

የልጅቷ አባት ሀሰን ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል። ይናገር ተባለ። ቆመ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ። "እኔ ሹፌር ነኝ" አለ። "እሳት ማጥፊያው ከወንበሬ ጎን ነው የታሰረው። ሁለቴ ተሰርቋል፣ ሁለቴ ሌላ ገዝቻለሁ። ቆልፌበት አላውቅም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ቁልፉ ለምን አስፈለገ?"

ይህን ሲል ሰብሳቢውን አላየም። ዘርፉንም አላየም። እኔን ነው ያየው። ምናልባት አሠልጣኟ ስለሆንኩ ነው። ዝም ማለት አልቻልኩም፤ "የንብረት አያያዝ ደንብ ነው" አልኩት።

"ደንቡን ማን አወጣው እህቴ?"

ሰብሳቢው "ይሄ የአስተዳደር ጉዳይ ነው" ብሎ አቋረጠው። አፌ ተከፍቶ ነበር። ሊናገር ይሁን ሊዋሽ አላውቅም። ሀሰን ተቀመጠ።

መጋቢት 12

ሰዓድ "ምን አልሻቸው?" አለኝ። "የተጠየቅኩትን" አልኩት። "የጠየቁሽ ሌላ ነው፣ የመለስሽው ሌላ ነው መሰለኝ" አለና ወደ ሱቁ ሄደ።

መጋቢት 18

ዘርፉ ከሥራ ታገደች። የሙያ ፈቃዷ ጉዳይ ወደ በላይ አካል ሄዷል፤ ከተነጠቀች ነርስነቷ አከተመ። ባሏ መልካሳ በቀን ሥራ ነው የሚውለው አሉ፣ ሁለት ልጆች አሏት። አቶ ጫምሳ ይህን ነግረውኝ ሳይጨርሱ "ከሚያዝያ ጀምሮ ወንበሩ ያንቺ ነው" አሉኝ። ከአንድ አፍ፣ በአንድ ትንፋሽ። "አመሰግናለሁ" አልኩ። ቃሉ ከአፌ ወጣ።

ማታ ይህን ደብተር ከመጀመሪያው ገለጥኩት። ጥር 23 ላይ ደረስኩ። የእኔው ጽሕፈት ነው፣ የእኔው እስክሪብቶ ነው። "ብረት ሎከሩ ውስጥ ይቆለፋል። ቁልፉ አንቺ ጋ ይሆናል። ለማንም አይሰጥም።" ምስማሩን ነግራኝ ነበር። ሙስዓብ ሁለተኛ ቁልፍ ብሎኝ ነበር። እኔ ያኔ አባባል አሳመርኩ። የልጅቷን ሩብ ሰዓት የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ለዕቃው አልነበረም፣ ለወንበሩ ነው። ስሜ ሪፖርቱ ላይ እንዳይጻፍ ነው።

ልቀድደው ገጹን ያዝኩት። ይህንንም ልጻፍ፤ ከላይ በኩል ሁለት ጣት ያህል ተቀድዷል።

መጋቢት 19

ጠዋት ፖስታ ቤት አጠገብ ያለች ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ልጅቷ ገጹን ማሽኑ ላይ ስታስተካክል ዓይኗ ጽሑፉ ላይ ወረደ። "ስንት ላድርገው?" አለችኝ። ሦስት አልኳት።

ደብዳቤውን አጭር አድርጌ ጻፍኩ። ትእዛዙ የእኔ ነው፣ ሲስተር ዘርፉ ተቃውማ ነበር፣ ኮሚቴው ፊት እውነቱን ደብቄያለሁ፣ ማስረጃው ተያይዟል። አቶ ጫምሳ ቆመው አነበቡት። "ደህና ነሽ? ጾሙ ነው?" አሉኝ። ጾሙ አይደለም አልኳቸው። "ለአንዲት ሲስተር ብለሽ የአሥራ አራት ዓመት ስምሽን? ልጅቷ እንደሆነች አትመለስ።" ዘርፉ ትመለስ እንደሆነ ብዬ ነው አልኳቸው። የ"ተቀብያለሁ" ማኅተም ሊመቱልኝ አልፈለጉም፤ መዝገብ ቤት ሄጄ አስመታሁ። አንዱን ለኮሚቴው በእጄ ሰጠሁ። ወንበሩ ሄደ። ሌላም የሚከተል ነገር ይኖራል፣ ይምጣ።

ለዘርፉ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። "መምህርት፣ ያኔ ስልኩን ቢያነሡልኝ ኖሮ" አለች። ሌላ አልጨመረችም። ዘጋችው።

መጋቢት 22

ትናንት ዒድ ነበር። ልጆች አዲስ ልብስ ለብሰው መንገዱን ሞልተውት ዋሉ፤ መስኮት ዘግቼ ተቀመጥኩ። ዛሬ ተነሥቼ ወደ ሁሩታ ሄድኩ፣ ሀሰን ቤት። የቡፌውን ስኳር እንዳለ በፌስታል ይዤ። ለለቅሶ ቤት የሚወሰድ እሱ ነው።

አይሱዙው ደጅ ቆሟል። ሚስቱ ውስጥ ናት፣ አልወጣችም። ሀሰን "አከም ጅርታ" ብሎ ተቀበለኝ፣ ምንጣፍ ላይ አስቀመጠኝ። ተዘጋጅቼ የመጣሁበትን ንግግር ጀመርኩ። ግማሹ ላይ እጁን አነሣ።

"አውቃለሁ" አለኝ። "ሲስተር ዘርፉ በሦስተኛው ቀን እዚሁ መጥታ ነግራኛለች። ያዘዘችኝ መምህሬ ናት አለችኝ። ‘ግን አትንካብኝ፣ እሷ ብዙ ሰው ታድናለች፣ ጥፋቱን እኔ እወስደዋለሁ’ ብላ እግሬ ላይ ወደቀች።"

ስኳሩን ወደ ጎን አደረግሁት።

"ስብሰባው ላይ ደንቡን ማን አወጣው ስልሽ ላጋልጥሽ ብዬ አይደለም እህቴ። ራስሽ እንድትናገሪ ብዬ ነው።"

"አሁን ጽፌ አስገብቻለሁ።"

"ሰምቻለሁ። ዘገየሽ።"

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አራት ዓመት የማይሞላት ልጅ የዒድ ቀሚሷን እንደለበሰች ገብታ ጭኑ ላይ ወጣች። "ፋዲላ ናት" አለ። "የቀረችኝ እሷ ናት።" ፀጉሯን እየዳበሰ ቆየ። ከዚያ "ያን ቀን እግሯን ይዤ ነበር የቆምኩት" አለ። "ልጁ አፏ ላይ ሲታገል እኔ እግሯን ይዤ። እግር መያዝ ምን ያደርጋል? እንዴት እንደሚደረግ አሳዪኝ።"

ፋዲላን ምንጣፉ ላይ አስተኛናት። ጨዋታ መስሏት ዓይኗን ጨፈነች። ትልቁን እጁን ይዤ አንዱን ግንባሯ ላይ፣ የሌላውን ሁለት ጣት ከአገጯ አጥንት ሥር አደረግሁለት። "ጉሮሮዋን አይጫኑት፣ አጥንቱን ብቻ ያንሡ። ቀስ ብለው። በቃ፣ እንደዚህ ነው፤ መንገዱ ተከፍቷል።"

"አሁን ዓይንዎን ደረቷ ላይ፣ ጆሮዎን አፏ ላይ። ትተነፍስ እንደሆነ እስከ አሥር ይቁጠሩ።"

ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አፏ ላይ አደረገ። ቶኮ፣ ለመ፣ ሰዲ እያለ ቆጠረ። ፋዲላ ሳቋን ይዛ ትተነፍሳለች፣ ደረቷ ይነሣል፣ ይወርዳል።

አሥር ደረሰ። አላቆመም። እኔም አላስቆምኩትም።